ዶሮ የዘለለችው ደመራ

ኑ፣ ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ! ብርድ ልብሱን ሳቡት፣ እግራችሁን ሸፍኑ።

ይሄ ታሪክ ያለ እናንተ አይሄድም። እኔ አነባለሁ፣ እናንተ ደግሞ ስጠይቃችሁ ትጮኻላችሁ። እሺ?

እሺ!

ታች ሰፈር ውስጥ ወለላ የምትባል ልጅ አለች። የእህቴ ልጅ ናት፤ ስለ እሷ ሳወራ አፌ አይዘጋም።

ወለላ ስድስት ዓመቷ ነው። የፊት ጥርሷ አንዱ ወልቋል፤ ስትስቅ በቀዳዳው ምላሷ ብቅ ይላል።

ዛሬ የደመራ ዕለት ነው። ሜዳው ሁሉ አደይ አበባ ለብሷል። ቢጫ! ቢጫ! ቢጫ!

የታች ሰፈር ልጆች ሜዳው ላይ ተሰበሰቡ። ማታ ደመራቸው ይበራል፤ እንጨቱ ግን ገና አልተሰበሰበም።

የልጆቹ አለቃ ባዬ ነው። ባዬ ረጅም ነው፤ ሱሪው ግን አጭር ነው።

«ስሙ!» አለ ባዬ። «ሁሉም ሰው እንጨት ያምጣ። ከሁሉ ረጅሙን ያመጣ፣ አደይ አበባውን ደመራው ጫፍ ላይ ያስራል!»

ወለላ ዘለለች። «እኔ ነኝ የማስረው! እኔ! እኔ!»

በመንገድ የላይ ሰፈር ልጆች አለፉ። የእነሱ ደመራ ሁልጊዜ ትልቅ ነው፤ አፋቸውም ትልቅ ነው።

«አይ ታች ሰፈሮች!» አሉ። «የእናንተን ደመራ እኮ ዶሮ ትዘለዋለች! ቂ ቂ ቂ!»

ባዬ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «ቆይ፣ ማታ እንተያያለን!» አለ።

ወለላ ወደ ቤቷ ሮጠች። እንጨት ልትፈልግ!

አልጋ ሥር አየች። አለ? የለም!

በሩ ኋላ አየች። አለ? የለም!

ጓሮ ሄደች። አለ? የለም!

እማዬ የምታበስለው በከሰል ነው። ከየት ይምጣ እንጨት?

መጨረሻ ላይ አንድ ነገር አገኘች። የተሰበረ የመጥረጊያ እጀታ፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ጫፉ የተበላ።

ባዬ እጀታውን አገላብጦ አየው። «ወለላዬ፣ ይሄ እንጨት ነው ወይስ የጥርስ መፋቂያ?»

ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። ወለላም ሳቀች፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም።

እጀታዋን ብብቷ ውስጥ አድርጋ ሄደች። ሄደች፣ ሄደች፣ የእማማ ድንቄ አጥር ጋ ስትደርስ ቆመች።

እማማ ድንቄ ብቻቸውን የሚኖሩ ጎረቤት ናቸው። ቤታቸው ትንሽ ነው፤ አጥራቸው ግን ዙሪያውን አጣና በአጣና ነው።

ግቢው ውስጥ ገብስማ የምትባል ዶሮ አለቻቸው። ላባዋ ነጭና ጥቁር ድብልቅልቅ ያለ፣ አቤት ስታምር!

ገብስማ ጫጩቶች አሏት። እሷ ከፊት፣ እነሱ ከኋላ። ጺው! ጺው! ጺው!

አጥሩ ላይ ግን አንድ አጣና አለ። ረጅም! ከሁሉ ረጅም! እንደ ቀጭኔ አንገት የተመዘዘ!

ወለላ ነካችው። ነቅነቅ አለ።

«ለመስቀል ነው እኮ» አለች ለራሷ። «ለመስቀል ከሆነ እግዚአብሔር ደስ ይለዋል።»

ግራ አየች። ቀኝ አየች። «ማን አየ? ማንም አላየ!»

ያዘችው። ውዝውዝ! ውዝውዝ! ውዝውዝ!

ብድግ! አጣናው ተነቀለ፤ ወለላም በቂጧ ቁጭ!

አጥሩ ላይ ቀዳዳ ቀረ። ልክ እንደ ወለላ ጥርስ።

አጣናውን ጎተተችው። ሽርርር... ሽርርር... ሽርርር...

«ማን አየ? ማንም አላየ!»

ልቧ ግን ምን አለ? ድው! ድው! ድው!

ባዬ አጣናውን ሲያይ ሁለት እጁን ራሱ ላይ አደረገ። «ኧረ! ኧረ! ኧረ! ከየት አመጣሽው?»

ወለላ መሬት መሬቱን አየች። «ለመስቀል ነው እኮ!» አለች።

ባዬ ሁለተኛ ሳይጠይቃት ቀረ። ደስ ብሎታላ!

አጣናውን መሃል አቆሙት። ሌላውን እንጨት ሁሉ ዙሪያውን አስደገፉት።

አቤት ቁመቱ! ውጪው ሹል ነው፤ ውስጡ ደግሞ ባዶ ነው፣ ልክ እንደ ትንሽ ጎጆ።

«አበባውን የምታስረው ወለላ ናት!» አለ ባዬ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ጯ! ጯ! ጯ!

ልቧ ግን ምን አለ? ድው! ድው! ድው!

ወዲያው ካፊያ መጣ። ጠብ! ጠብ! ጠብ! ልጆቹ ወደየቤታቸው ተበተኑ።

በእማማ ድንቄ ግቢስ? ገብስማ ቀዳዳውን አየችው።

«ቋቅ?» አለች። አንገቷን አወጣች። «ቋቅ!» አለች። እግሯን አወጣች።

እሷ ወጣች፣ ጫጩቶቹም ተከትለው ወጡ። ጺው! ጺው! ጺው!

ዝናቡ መንገድ ላይ አገኛቸው። ገብስማ መጠለያ ፍለጋ ሮጠች።

የት ገባች? አትቸኩሉ፣ ትደርሱበታላችሁ!

ቤት ውስጥ እማዬ ወለላን አጠበቻት። ነጩን ቀሚሷን አለበሰቻት፤ ጥልፉ እስከ እግሯ ድረስ ይወርዳል። ወለላ ያቺን የመጥረጊያ እጀታ መልሳ ብብቷ ውስጥ ሸጎጠቻት።

«በይ፣ ከመውጣታችን በፊት እናማትብ» አለች እማዬ።

ወለላ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። ከዚያ ደረቷ ላይ አወረደችው።

እጇ ደረቷ ላይ ሲደርስ ምን ተሰማት? ድው! ድው! ድው!

«እማዬ» አለች ቀስ ብላ። «እግዚአብሔር አጥር ያያል?»

እማዬ ሳቀች። «ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? አጥሩንም ያያል፣ ጣሪያውንም ያያል። አንቺንም ያይሻል።»

«አጥፍቼም ቢሆን ያየኛል?»

«አጥፍተሽም። እያየሽም ይወድሻል፤ ለዚህ እኮ ነው ከሱ የማይደበቁት።»

ኳ! ኳ! ኳ! በሩ ተንኳኳ።

እማማ ድንቄ ናቸው። ነጠላቸው ረጥቧል፤ እግራቸው ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

«ወለላዬ፣ የኔ እናት፣ ገብስማዬን አይተሻታል? ጫጩቶቿንም ይዛ ጠፋችብኝ!»

«አላየሁም፣ እማማ» አለች ወለላ።

ውሸት ነው? አይደለም፤ ዶሮዋን አላየችም። ታዲያ እውነት ነው? እንጃ!

ልቧ ምን አለ? ድው! ድው! ድው! ድው! ድው!

እማማ ድንቄ እየተጣሩ ሄዱ። «ኩት! ኩት! ኩት! ገብስማዬ! ኩት! ኩት! ኩት!»

አመሻሽ ላይ ሰማዩ ጠራ። ሰዉ ሁሉ ነጭ ለብሶ ወደ ሜዳው ወጣ።

ከበሮው መጣ። ድም! ድም! ድም! እልልታው መጣ። እልልልል!

አባ ዘሚካኤል መስቀላቸውንና ችቧቸውን ይዘው መጡ። አባ የታች ሰፈር ቄስ ናቸው፤ ጢማቸው ነጭ፣ ሳቃቸው ወፍራም ነው።

የላይ ሰፈር ልጆችም መጡ፤ ደመራውን ሊያዩ። አዩት። አፋቸው ተከፍቶ ቀረ!

ባዬ ደረቱን ነፋ። «እስኪ አሁን ዶሮ ትዝለለዋ!»

ወለላን ትከሻው ላይ አወጣት። እጇ ውስጥ አደይ አበባ አለ፤ ሙሉ እቅፍ!

ወጣች፣ ወጣች፣ የደመራው ጫፍ ጋ ደረሰች። ከዚያ ሆና ስታይ ሰፈሩ ሁሉ ይታያል።

የእማማ ድንቄ አጥርም ይታያል። ቀዳዳውም ይታያል።

እማማ ድንቄም ይታያሉ። ሰው ሁሉ ደመራ ወጥቶ እሳቸው ብቻ ደጃቸው ቆመዋል።

«ኩት! ኩት! ኩት!» ይላሉ። ድምፃቸው ሰልሏል።

የወለላ እጅ አየር ላይ ቀረ።

ካሰረችው፣ ደመራው ያምራል፤ ታች ሰፈር ይኮራል፤ ማንም ምንም አያውቅም።

ማን አየ? ማንም አላ...

የለም። እግዚአብሔር አይቷል። ወለላም ራሷ አይታለች።

«ባዬ፣ አውርደኝ» አለች።

«ምን? እሰሪው እንጂ! አባ መጡ እኮ!»

«አውርደኝ አልኩህ!»

ባዬ አወረዳት። ወለላ በሰዉ እግር መሃል ሮጣ አባ ፊት ቆመች።

«አባ!» አለች። «ረጅሙ አጣና የእማማ ድንቄ ነው። ከአጥራቸው የነቀልኩት እኔ ነኝ። ገብስማ የጠፋችው በኔ ነው!»

ከበሮው ዝም አለ። እልልታው ዝም አለ። ሜዳው ጸጥ... አለ።

እማዬ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ሌባ! ሌባ!» አለ አንዱ የላይ ሰፈር ልጅ።

አባ ዘወር ብለው አንድ ጊዜ አዩት። ልጁ አፉን ገጠመ።

ከዚያ አባ ጎንበስ አሉ፤ ጢማቸው የወለላን አፍንጫ ሊነካ ደረሰ። «ለምን ነቀልሽው፣ ልጄ?»

«ለመስቀል ነው ብዬ ነዋ!» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«አዬ ልጄ» አሉ አባ። «ለመስቀል የምንሰጠው የራሳችንን ነው። አሁን ምን ይሻላል?»

ወለላ እንባዋን በእጇ ጠረገች። «ልመልሰው።»

«ኧረ አባ፣ ይፈርሳል!» አለ ባዬ። «ደግሞም ሊመሽ ነው!»

«ይፍረስ፤ መልሰን እንሠራዋለን። እግዚአብሔር አይቸኩልም፤ እኛ ነን የምንቸኩለው» አሉ አባ። ችቧቸውን ለሌላ ሰው ሰጡ።

ወለላ አበባውን መሬት አስቀምጣ አጣናውን ያዘች። ውዝውዝ! ውዝውዝ! እምቢ አለ።

ባዬ ራሱን አከከ። ከዚያ መጥቶ ከኋላዋ ያዘ። «ደግሜ ሳልጠይቅሽ የተቀበልኩ እኔም አጥፍቻለሁ» አለ። እማዬም መጥታ ያዘች።

ውዝውዝ! ውዝውዝ! ውዝውዝ!

በዚህ መሃል ከደመራው ውስጥ አንድ ድምፅ ተሰማ።

ምን ይላል? ጺው! ጺው! ጺው!

«ዝም በሉ! ስሙ!» አለች ወለላ።

«ቋቅ!»

«ገብስማ ናት! ውስጥ ናት! ከነጫጩቶቿ ደመራው ውስጥ ናት!»

አቤት! አቤት! አቤት! ዝናቡን ሸሽታ እዚያ ገብታ ነበር! ችቦው ሊለኮስ እኮ አንድ ሐሙስ ቀርቶት ነበር!

ሰዉ ሁሉ ተረባረበ። እንጨቱን አነሱ፣ አጣናውን መዘዙ።

ገብስማ ወጣች። ጫጩቶቿም ተከተሉ፤ ላባቸው አንድም አልተነካ።

መጨረሻ የወጣችው ሚጢጢዬ ጫጩት የወለላ ጫማ ላይ ወጥታ ቁጭ አለች። ጺው!

«ገብስማዬ!» እማማ ድንቄ ድምፅዋን ሰምተው እየሮጡ መጡ። ነጠላቸው ከኋላ እንደ ባንዲራ ይውለበለባል!

ወለላ ፊታቸው ቆመች። «እማማ፣ አጣናዎን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

እማማ ድንቄ ወገባቸውን ያዙ። «ቆይ! መጀመሪያ ልቆጣሽ፣ ከዚያ ልሳምሽ!»

«አንቺ ልጅ! አጥሬን! ጥርስሽ ስለወለቀ የኔንም አጥር ታወልቂያለሽ?» ጆሮዋን ቆንጠጥ አደረጉ።

ከዚያ ጉንጯን ሳሙ። ግራውን! ቀኙን! ግራውን! ቀኙን!

«ሁለተኛ እንጨት ሲያምርሽ በሩን አንኳኪ» አሉ። «ኳ! ኳ! ኳ! ከሰጠሁሽ ሰጠሁሽ፤ ካልሰጠሁሽም ከልክያለሁ!»

ደመራውስ? ዘወር ብለው አዩት። ሸርተት... ሸርተት... ዘጭ!

ትንሽዬ ክምር ሆነ። ጎበጥ ያለች፣ ወደ አንድ ጎን የተንጋደደች።

የላይ ሰፈር ልጆች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «አላልናችሁም? ዶሮ ትዘለዋለች!»

ገብስማ ሰማች መሰለኝ። ክንፏን ዘረጋች።

ፍርርርርር! ጫፉ ላይ ወጣች። «ቋቅ!» አለች። ፍርርርርር! በዚያኛው በኩል ወረደች።

ዘለለችው! እውነትም ዘለለችው!

ሁሉም ዞሮ ባዬን አየ። ባዬ ምን ሊል ነው?

ባዬ ደረቱን ነፋ። ከቅድሙ የበለጠ ነፋው።

«አዎ! ዘለለችው!» አለ። «በሕይወት ስላለች ዘለለችው! የእናንተን ደመራ የዘለለች ዶሮ አለች? የለችም! የኛን ዘላለች!»

ታች ሰፈር በእልልታ ተናወጠ። እልልልልል! የላይ ሰፈር ልጆችም ሳያስቡት አጨበጨቡ።

ወለላና እማዬ አጣናውን ተሸክመው ሄዱ። ቀዳዳው ውስጥ ተከሉት፤ እማዬ በገመድ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው።

እማማ ድንቄ ገብስማንና ጫጩቶቿን አስገቡ። በሩን ዘጉ፤ ከወለላ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ሜዳው ተመለሱ።

አሁን ረጅሙ እንጨት የማን ነው? የባዬ። ደንብ ደንብ ነው።

ወለላ አበባውን አንስታ ሰጠችው። ትንሽ ከበዳት፤ ግን ሰጠችው፤ ባዬም ጫፉ ላይ አሰረው።

ከዚያ ብብቷ ውስጥ አንድ ነገር ቆረቆራት። የመጥረጊያዋ እጀታ!

«አባ፣ ይሄ የኔ ነው» አለች። «የራሴ ነው። አጭር ነው ግን።»

አባ እጀታውን ተቀበሉ፤ በመስቀላቸው ባረኩት። «ልክ ነው» አሉ። «የራስሽ ከሆነ ልክ ነው። ሂጂ፣ አስገቢው።»

ወለላ መሃል ላይ ሰካችው። ጫፉ ብቅ ብሎ ቀረ፤ ቁመቱ ከባዬ እንጨት ግማሽ አይደርስም።

አባ ጸለዩ። ሰዉ ደመራውን ዞረ። ችቦው ተለኮሰ።

ቡፍ! ደመራው በራ! ቢጫ! ቀይ! ብርቱካን! ጣ! ጣ! ጣ!

የሰዉ ፊት ሁሉ በራ። የእማማ ድንቄ በራ፣ የባዬ በራ፣ የላይ ሰፈር ልጆችም በራ።

የማን ፊት በለጠ? የወለላ! ያቺ ጥርሰ ወልቃዬ!

«የማን ልጅ ናት?» አለ አንድ እንግዳ።

«የኛ ናት!» አለ ታች ሰፈር በአንድ ድምፅ። እኔማ ከሁሉም በላይ ጮህኩ፤ ጉሮሮዬ ሦስት ቀን አልተከፈተም!

ደመራው ነዶ አመድ ሆነ። እማዬ ወለላን አዝላ ወደ ቤት ወሰደቻት።

በእማማ ድንቄ አጥር በኩል አለፉ። አጣናው ቆሟል፤ ከውስጥ ቀጭን ድምፅ ይሰማል። ጺው... ጺው... ጺው...

አልጋዋ ላይ እማዬ «እናማትብ» አለች።

ወለላ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። ከዚያ ደረቷ ላይ አወረደችው። ጠበቀች።

ልቧ ምን አለ?

ድ-ው... ድ-ው... ቀስ ብሎ። እንደ እሹሩሩ።

«እማዬ፣ እግዚአብሔር አሁንም እያየኝ ነው?»

«እያየሽ ነው።»

«እኔም ደስ ብሎኛል በይው» አለች ወለላ። ዓይኗ ተከደነ።

በሉ እናንተም፣ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ። አዳምጡት።

ምን ይላል?

እሰይ፣ የኔ ጀግኖች። ደህና እደሩ።